ሁለት መቶ ስልሳ አንድ ወረቀቶች

ወንድሜ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። ሃያ ሦስት ዓመት ነድቶ አንድም ሰው አልገጨም። ይህን የምለው ሙት አይወቀስም ብዬ አይደለም። በትራፊክ ጽሕፈት ቤት የአደጋ መዝገብ የምይዘው እኔ ነኝ፤ ከቀብሩ በኋላ ባሉት ሳምንታት የሃያ ሦስቱን ዓመት ጥራዞች ገጽ በገጽ አይቻቸዋለሁ። ስሙ የሚገኘው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እሱም በምስክርነት ነው።

በስድስት ዓመት ይበልጠኛል። እኔ ጋሼ እለዋለሁ፤ እሱ መዝገቤ ይለኛል። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የመዝገብ አያያዝ ላጠና መሆኔን የነገርኩት ቀን፣ «ወረቀት መደርደር ደግሞ ይማሩታል እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። ስመረቅ ግን አዲስ ሸሚዝ ለብሶ ከሁሉ ቀድሞ አዳራሹ በር ላይ የተገኘው እሱ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በነዳ በአሥራ ሁለተኛው ዓመት፣ ዝናባማ ጠዋት ላይ ነው። የአምስት ቁጥር መስመር ላይ ነበር። ከፊቱ የምትሄድ ፒካፕ የሆቴል ልብስ ጭና ወደ ማጠቢያ ትወስዳለች። አንዱ ጆንያ ከላይዋ ወደቀ። ጋሼ ፍሬን ያዘ፤ መንገዱ አንሸራታች ነበርና የፊት ቀኝ ጎማ ወጣበት። ትኬት ቆራጯ ጮኸች። ወርዶ ተንበርክኮ ሲያይ ከጎማው ሥር አንድ ነጭ እጅጌ ወጥቷል።

«ሦስት ሰከንድ ነው፣ ቢበዛ አራት» ይለኝ ነበር በኋላ። «ለእነዚያ ሦስት ሰከንዶች ሰው ገድያለሁ።»

አንድ ተሳፋሪ ጎንበስ ብሎ እጅጌውን ሳበው። የአስተናጋጅ ኮት ነበር። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ጋሼም ሳቀ። ተመልሶ መሪው ላይ ወጣ፣ ፈረቃውን ጨረሰ፣ ቤቱ ገባ። ማታ እጁን እየደጋገመ ታጠበ።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። በአምስት ቁጥር መስመር ላይ ከዱቄት ፋብሪካው ፊት ለፊት ቀለሟ የለቀቀ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ አለች። ጋሼ በቀን አሥራ አራት ጊዜ ያልፍባታል። የኋላው ጎማ ወጥቶ ሲወርድ የሚሰማው ድምፅ ከጆንያው ድምፅ ጋር አንድ ሆነበት። መጀመሪያ በስፖኪዮ ማየት ጀመረ። ቀጥሎ ትኬት ቆራጯን፣ «አንቺ፣ የሆነ ነገር ነካን?» ማለት አመጣ። ከዚያ ፈረቃው ሲያልቅ በእግሩ አራት ኪሎ ሜትር ተመልሶ ጉብታዋን ዞሮ ዞሮ ማየት ልማድ ሆነበት። አንድ ቀን ደግሞ ተሳፋሪ እንደጫነ አውቶቡሱን አዙሮ ተመለሰ። ያን ቀን የዴፖው ሹፌሮች ስም አወጡለት፦ ዞሮ መጣ።

«ዞሮ መጣ፣ ዛሬ ስንቱን ጨርሰህ መጣህ?» ይሉታል።

«አንተን ሳላገኝህ ቀርቼ ነው የተመለስኩት» ይላል።

ቀልዱ አልተለየውም። ለዚህም ይሆናል ማናችንም ቶሎ ያልነቃን። ሚስቱ፣ «ሐሳብ ይበዛበታል» ትላለች። እኔ ጥንቃቄ ነው አልኩ። ሥራዬ መፈረጅ ነው፤ ይህን ግን በተሳሳተ ክፍል አስገባሁት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቢሮ ደወለ።

«መዝገቤ፣ ሥራ ይዘሻል?»

«ምነው ጋሼ?»

«እንዲያው... ዛሬ አምስት ቁጥር ላይ የገባ ነገር አለ?»

የአደጋ ሪፖርቶች በየቀኑ እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ይደርሱኛል፤ በመስመርና በሰዓት ለይቼ የዕለት መዝገብ ላይ እጽፋቸዋለሁ። አየሁ። የለም አልኩት። ሲተነፍስ በስልኩ ተሰማኝ። በማግስቱ ደወለ፣ በሦስተኛውም ቀን ደወለ። በሳምንቱ ድምፄ አልበቃው አለ። «ጻፊልኝ» አለኝ።

ጻፍኩለት። ግማሽ ገጽ ወረቀት ላይ፦ ቀን፣ መስመር፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ «በዚህ ጊዜ ውስጥ የቀረበ ሪፖርት የለም»፣ ፊርማ። ክቡን ማኅተም አድርጊበት ሲለኝ እምቢ አልኩ፤ እሱ የመንግሥት ነው። የቀን ማኅተሙን ግን አደረግሁበት። ተከታታይ ቁጥርም ሰጠኋቸው። ሌላ እህት ብትሆን ኖሮ «አይዞህ፣ ምንም የለም» ብላ ስልኩን ትዘጋ ነበር። እኔ የማውቀው መንገድ ይህ ነበርና በደንብ ሠራሁት።

የመጀመሪያው ወረቀት ለዘጠኝ ቀን አረጋጋው። ከዚያ፣ «እስከ ስንት ሰዓት የገባውን ነው ያየሽው? ዘግይቶ የመጣ ቢኖርስ?» አለ። ያየሁበትን ደቂቃ መጻፍ ጀመርኩ። ከዚያ ደግሞ ጠዋት አንድ፣ ማታ ሊወጣ ሲል አንድ ፈለገ። መቶ ሲሞላ አልገረመኝም። ሁለት መቶ ሲሞላ አዲስ ማህደር ከፈትኩለት።

ሁለት መቶ ስልሳኛውን የሰጠሁት ቀን ቢሮዬ መጥቶ ከመደርደሪያዎቹ መካከል ቆሞ ነበር። ኮፍያውን በእጁ ይዟል።

«አሁን ይሄ፣ አልገጨሁም ማለት ነው አይደል?» አለኝ።

መልሴን ዛሬም አስታውሰዋለሁ። «የቀረበ የለም ማለት የተገጨ የለም ማለት አይደለም፣ ጋሼ። ሪፖርት ያልተደረገን ነገር መዝገብ አያውቅም።»

ትክክል ነበር፣ አንድም የተጣመመ ቃል የለበትም። ወንድሜ በማግስቱ ሁለት መቶ ስልሳ አንደኛውን ወሰደና በሦስተኛው ቀን ሥራ ቀረ። ለሦስት ሳምንት ከቤት አልወጣም።

ሲመለስ የስምሪት ኃላፊው ጠራው። ሸምገል ያለ፣ ራሱም ሠላሳ ዓመት የነዳ ሰው ነው። «አንተ ጥሩ ሹፌር ነህ» አለው። «አውቶቡስ የሚሄደው ግን ወደ ፊት ነው። አንድ ጊዜ ደግመህ ከነተሳፋሪህ ብትዞር ከመሪ አውርጄ መኪና ማጠቢያ ነው የማስገባህ። ደግሞ እዚያ ከገባህ ተመልሰህ አትወጣም።»

ጋሼ ይህን ሲነግረን ሚስቱ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠች። «ማጠብ ምን አለው? ሥራ ነው» አለች።

«ለሌላው ሥራ ነው» አላት። «እኔ ከመሪ ከወረድኩ በቃ፣ ገጭቻለሁ ማለት ነው። ሰው ባያውቀውም እኔ አውቄዋለሁ ማለት ነው።»

ሚስቱ ሽንኩርቱን እንዳለ ትታ እጇን ታጠበች። በሳምንቱ ጤና ጣቢያ ወሰደችው።

የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ክፍል ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሦስት ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ መስኮቱ አጠገብ የሚንጠባጠብ ቧንቧ። በሦስተኛው ቀጠሮ እኔንም አስጠራችኝ። ከእኔ በአሥር ዓመት የምታንስ ሴት ነች። ጋሼ የጫማ ካርቶኑን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠ።

«ስንት ናቸው?» አለች።

«ሁለት መቶ ስልሳ አንድ» አልን ሁለታችንም።

አንዱን አውጥታ አነበበች፣ ገለበጠች፣ ሌላ አወጣች። «ሥራዎ ንጹሕ ነው» አለችኝ። ሙገሳ መስሎኝ ነበር።

ቀጥላ ነገሩን በየስሙ አስቀመጠችልን። እኔ ማስታወሻ አውጥቼ ጻፍኩ። ፍርሃት ከፊትህ ላለ ነገር ነው አለች፤ ጭንቀት ግን ሊኖር ይችላል ለምትለው ነገር ነው፣ ለዚህም ማለቂያ የለውም። ሰው ገጭቼ ይሆን የሚለው ሐሳብ ሳይጠራ ይመጣል፤ ለመምጣቱ ማንም አይጠየቅም። ባሕርይ የምንለው የሚታየውን ነው፣ ሐሳቡን ለማባረር የሚደረገውን፦ መዞሩን፣ መደወሉን፣ ወረቀቱን። ከመስመሩ መቅረቱ ደግሞ ሽሽት ይባላል።

«ጭንቀቱ ከፍ ሲል ወረቀቱ ያወርድልዎታል» አለችው። «ያወረደልዎትን ነገር ነገም ይፈልጉታል። ይህን እኛ ማጠናከር እንለዋለን። ወረቀቱ የሚያጠናክረው እርግጠኝነትዎን ሳይሆን መጠየቁን ነው።»

«ወረቀቱ እኮ እውነት ነው» አልኳት። ድምፄ ከፈለግሁት በላይ ጠንከር አለ።

«እውነት ነው። ውሸት ቢሆን ኖሮ ገና በአሥረኛው ይተዉት ነበር።»

ጋሼ ወደ እኔ ዞረ። «እኔ ድሮም ብያለሁ፣ መታከም ያለባት እሷ ነች።»

«እሳቸው ተራቸውን ይጠብቁ» አለችው ባለሙያዋ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

መድኃኒቱን ስትናገር ግን ማናችንም አልሳቅንም። ጭንቀት ማንም ባይነካውም በራሱ ጊዜ ይወርዳል አለች፤ ሰውየው ሳይሸሽና ሳያረጋግጥ ከቆየለት ይወርዳል። መቆየቱ መጋፈጥ ይባላል፣ መውረዱ መላመድ። ከዜሮ እስከ መቶ ቁጥር እንዲሰጠው፣ ትንሽ ማስታወሻ ደብተር ይዞ ቁጥሩን ብቻ እንዲጽፍ ነገረችው። ለእኔ ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር ሰጠችኝ። ሲጠይቀኝ፣ «አልመልስልህም፣ ስንት ደረሰ?» እንድል፤ ከዚያ ውጪ አለ የለም እንዳልል።

«መልሱ ፊቷ ተዘርግቶ እያየችው?» አላት ጋሼ።

«ፊቷ ተዘርግቶም ቢሆን።»

ልምምዱ የተጀመረው አንድ እሑድ፣ ዴፖው ባዶ ሆኖ፣ ባለሙያዋ ባለችበት ነው። የስምሪት ኃላፊው አንድ አሮጌ አውቶቡስ ፈቀደ። ሚስቱ ጆንያ ሙሉ እርጥብ ልብስ ይዛ መጣች፤ አንድ እጅጌ ወደ ውጭ አወጣች።

«የራስህ ሸሚዝ ነው» አለችው። «ብትገጭም የገጨኸው ራስህን ነው።»

«ቁልፉ ከተሰበረ አንቺ ነሽ የምትሰፊው።»

ጋሼ ነዳበት። ሳይወርድ፣ በስፖኪዮ ሳያይ ግቢውን እንዲዞር ነበር የተነገረው። ከመስኮቱ «ዘጠና አምስት» ብሎ ጮኸ። ከግንባሩ ላብ ይወርዳል። ዞሮ ደገመው። ዘጠና አምስት፣ ዘጠና፣ ዘጠና፣ ሰባ አምስት። የስምሪት ኃላፊው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ የጎማውን መንገድ ያያል። በዘጠነኛው ዙር ጋሼ ሠላሳ አለና አዛጋ። ባለሙያዋ ማዛጋቱን ጻፈች።

ግቢው ከጎዳናው ይቀላል፤ ግቢ ውስጥ ያለውን ጆንያ ማን እንደሞላው ይታወቃል። እኔን ግን በሚቀጥሉት ሳምንታት ያስቸገረኝ ስልኩ ነው። ጋሼ ይደውላል፣ እኔ ዓረፍተ ነገሬን እላለሁ፣ እሱ ይቆጣል። አንድ ጊዜ፣ «በዩኒቨርሲቲ ያስተማሩሽ ዝም ማለት ነው?» አለኝ። ሌላ ጊዜ ሳይሰናበት ዘጋው። ይዘጋውና ግን አይዞርም። ቁጥሮቹ እየወረዱ ነበር።

በሁለተኛው ወር አንድ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ደወለ። ከመጨረሻው በፊት ካለው ፌርማታ ነው፤ ሞተሩ ሲያጉረመርም ይሰማኛል።

«መዝገቤ፣ ዛሬ የሌላው ቀን አይደለም» አለ። ድምፁ ደርቋል። «ጉብታዋ ላይ ተሰማኝ። አንዷ ተሳፋሪም ዞር ብላ አየች። አይቻታለሁ፣ ዞር ብላ አይታለች።»

«ስንት ደረሰ፣ ጋሼ?»

«ቁጥሩን ተይው። አዙሬ ልመለስ ነው። አርባ ሰው ጭኛለሁ፣ አወርዳቸዋለሁ ወይም ይዣቸው እመለሳለሁ። ማጠቢያም ያስገቡኝ። አንድ ቃል ብቻ በይኝና አልመለስም። አለ ወይስ የለም?»

አለ ነበር። ከዘጠኝ ደቂቃ በፊት መልእክተኛው ያስቀመጠልኝ ሪፖርት ጠረጴዛዬ ላይ ነበር፦ አምስት ቁጥር መስመር፣ ዱቄት ፋብሪካው አጠገብ፣ ሁለት ሰዓት ከአርባ። አንድ ሞተር ብስክሌት የእጅ ጋሪ ገጭቶ ባለጋሪው ክንዱ ተጭሯል። የሞተሩ ሰሌዳ ተጽፏል፣ የነጂው ስም ተጽፏል፣ ነጂው ራሱ ፈርሟል። ጋሼ አልነበረም። ይህን በአራት ቃል ልነግረው እችል ነበር፦ አለ፣ አንተ ግን አይደለህም። አራቱም ቃል እውነት ነው፣ ሰነድም አለው።

አራቱን ቃል ብነግረው አምስተኛውን እንደሚጠይቀኝ አውቃለሁ። ሁለት መቶ ስልሳ አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ። ሪፖርቱን በግንባሩ ደፋሁት፣ እጄንም ጫንኩበት።

«አልመልስልህም፣ ጋሼ። ስንት ደረሰ?»

አንድ ሰው በሩን እየመታ፣ «ሹፌር፣ እንሂድ እንጂ» ሲል ሰማሁ።

«መቶ» አለ።

«እሺ። አለሁ።»

«አንቺ ጨካኝ ነሽ።»

«አለሁ። አሁንስ?»

«መቶ ነው አልኩሽ።» ትንፋሹን እሰማለሁ። የግድግዳው ሰዓት ፊት ለፊቴ ስለነበር ቆጠርኩ፤ አራት ደቂቃ ከግማሽ ነው። በመካከሉ ዘጠና አለ፣ ዘጠና አምስት አለ፣ ዘጠና አለ። ከዚያ ሞተሩ ድምፁን ቀየረ።

«ሰማንያ» አለ። «ሰው ተሳፍሯል፤ በሰዓቴ ልሂድ።»

ዘጋው። ቀኑን ሙሉ እጄ ሥራ አልያዘ አለኝ። ምሳ ሰዓት ላይ ዴፖው ደውዬ የስምሪት ኃላፊውን፣ አምስት ቁጥር እንዴት ነው አልኩት። «በሰዓቱ» አለኝ። «ምነው፣ አንቺም ጀመርሽ?»

ከዚያ ማክሰኞ በኋላ አልዞረም። ጭንቀቱ ተነቅሎ ጠፋ ብዬ አልጽፍም፤ ባለሙያዋም እንዲህ አላለችም። ክረምት ሲገባ ወይም ሲደክመው ይመለስ ነበር፤ ቁጥሩን ይጽፍለታል፣ ይነዳል። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ነዳ። ዞሮ መጣ የሚለው ስም አልለቀቀውም፤ አዲስ የሚቀጠሩ ሹፌሮች ፈረቃውን ቶሎ ጨርሶ ስለሚመጣ የወጣለት ይመስላቸው ነበር።

በምስክርነት ስሙ የገባበትን ጉዳይ እዚህ መጥቀስ አለብኝ። በአሥራ ሰባተኛው ዓመት ከፊቱ የሚሄድ መኪና አንዲት ተማሪ ገጭቶ አመለጠ። ጋሼ አውቶቡሱን አቁሞ ወረደ፣ ልጅቷ አጠገብ ተቀመጠ፣ አምቡላንስ ጠራ፣ ሰሌዳውን ተናገረ። ልጅቷ ተረፈች። ቃሉን የተቀበለው ፖሊስ ሪፖርቱን ሲያመጣልኝ፣ «ወንድምሽ እጁ እንኳ አልተንቀጠቀጠም» አለኝ። ፍርሃትና ጭንቀት ይለያያሉ ተብዬ ጽፌ ነበር፤ ያን ቀን ገባኝ።

የማክሰኞውን ሪፖርት ነገር የነገርኩት ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። ሚስቱ ልብስ ታጥፋለች፣ እኛ በረንዳ ላይ ተቀምጠናል።

«እያለ አልነገርሽኝም?»

«አልነገርኩህም።»

«መዝገብ ቤት ዋሸች በሉኛ» ብሎ ወደ ሚስቱ ጮኸ።

«አልዋሸሁም፤ ዝም አልኩ።»

«ብትነግሪኝ ዛሬ ጎማ ነበር የማጥበው» አለ። ወዲያው ደግሞ፣ «የባለጋሪው ክንድ ግን ዳነ?» አለኝ።

«አልመልስልህም» አልኩት። ሚስቱ ያጠፈችው አንሶላ እስኪበተን ሳቀች።

ከአራት ወር በፊት በጉበት ሕመም ሞተ። ከታወቀ እስከሞተ ሰባት ሳምንት ነው። የመጨረሻ ፈረቃውን የነዳው ሐኪም ቤት ከመግባቱ ሁለት ቀን በፊት ነበር። ዕቃውን ሚስቱ ስታስረክበኝ የጫማ ካርቶኑ አብሮ መጣ፤ ወረቀቶቹ በተከታታይ ቁጥራቸው ናቸው፣ አንድም አልጎደለም። ከላያቸው ትንሿ የቁጥር ደብተር ነበረች። የመጨረሻው ገጽ፦ ሃያ፣ አሥራ አምስት፣ ሃያ፣ አሥራ አምስት።

ከቀብሩ በኋላ ሐኪሙ ዘንድ ሄጄ፣ ሁለት ወር ቀድመን ብናመጣው ይተርፍ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ማህደሩን ከፍቶ አሳየኝና፣ «አይተርፍም ነበር» አለኝ። በሳምንቱ ተመልሼ ሄድኩ፣ ያንኑ አለኝ። በሦስተኛው ሳምንት፣ «ይጻፉልኝ» አልኩት። ብዕሩን አንሥቶ አየኝ። «ምን ያደርግልዎታል?» አለ።

ወረቀቱን ሳልቀበል ወጣሁ። ደጁ ላይ ያለው ፌርማታ የአምስት ቁጥር ነው። ተሳፈርኩና መስኮቱ ጋ ተቀመጥኩ። ለመመለስ አስቤ ሁለት ጊዜ ተነሣሁ፣ ሁለት ጊዜ ተቀመጥኩ። የጋሼን ደብተር ከቦርሳዬ አውጥቼ ከአሥራ አምስቱ ሥር፣ በራሴ እጅ ጽሑፍ መሆኑ እንዲታወቅ ቀኑን ጨምሬ፣ ዘጠና ብዬ ጻፍኩ።

ዱቄት ፋብሪካው ጋ የኋላው ጎማ ጉብታዋን ወጥቶ ወረደ። ሰባ አምስት ብዬ ጻፍኩ። እስከ መጨረሻው ፌርማታ አልወረድኩም።